የጎደለው ነዳጅ የት ሄደ? ከተቀበሩ ታንከሮች የሚያፈስ ነዳጅና የከርሰ ምድር ውሃ ምርመራ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በአንድ የነዳጅ ማደያ ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያየው ጥቂት ነገር ነው። የቆርቆሮ ጣራ፣ ሁለት ወይም አራት መቅጃዎች፣ ተራ የሚጠብቁ መኪናዎችና ቱቦ የጨበጠ ቀጂ ይታዩታል። የማደያው ዋና ንብረት ግን ከእግሩ በታች ነው። እያንዳንዳቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሊትር የሚይዙ ታንከሮች ከኮንክሪቱ ሥር ተቀብረዋል፤ ከእነርሱም ወደ መቅጃዎቹ የሚሄዱ ቧንቧዎች ተዘርግተዋል። ድልድይ ሲሰነጠቅ ይታያል፤ ግድግዳ ሲያዘነብል መንገደኛ ሁሉ ይመለከተዋል። የተቀበረ ታንከር ሲበሳ ግን የሚያይ ዓይን የለም። ጉዳቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ከዓመታት በኋላ፣ ያውም ማደያው ካለበት ስፍራ ሳይሆን ውሃ ከሚቀዳበት ስፍራ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ እንዲህ ያለው ጉዳት እንዴት እንደሚመረመር ማስረዳት ነው። ንግግሩ የሚያስጨብጠው ዋና አሳብ አንድ ሲሆን፣ ይኸውም የፈሰሰ ነዳጅ የሚገኘው በቁፋሮ ብዛት ሳይሆን በጥያቄ ቅደም ተከተል ነው የሚለው ነው። ከጥያቄዎቹም ሁሉ የመጀመሪያው በወረቀትና በእርሳስ የሚመለስ ነው፤ የጎደለው ነዳጅ የት ሄደ? በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ታንከር ለምን ያፈሳል?

ከማዕድን ድንጋይ ቀልጦ የወጣ ብረት እርጥበትና አየር ባገኘ ጊዜ ተመልሶ ዝገት መሆን ተፈጥሮው ነው። ይሁን እንጂ ዝገቱ በታንከሩ ገጽ ሁሉ ላይ እኩል አይሠራም። የታንከሩ አንዱ ወገን በእርጥብ ጭቃ፣ ሌላው ወገን በደረቅ አሸዋ የተከበበ እንደ ሆነ በሁለቱ መካከል እንደ ባትሪ ያለ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ ብረቱም በአንዲት ጠባብ ነጥብ ላይ እየተበላ ይሄዳል። በመጨረሻው የሚገኘው ከእርሳስ ጫፍ የማይበልጥ ቀዳዳ ሲሆን፣ የቀረው የታንከሩ አካል ግን ፍጹም ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ወቀሳው ለታንከሩ ብቻ የሚተው አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያፈሱት ቧንቧዎቹና መጋጠሚያዎቻቸው ናቸው። በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋም እጅ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ አፈር ባለበት አገር ቧንቧው በየዓመቱ ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋና ሲጎተት ይኖራል፤ መጋጠሚያውም ቀስ በቀስ ይላላል። ከዚህም ሌላ ቦቴ ነዳጅ በሚያራግፍበት ሰዓት ከታንከሩ አፍ የሚተርፈው ነዳጅ አለ። የአንድ ቀን ትርፍራፊ እንደ ኢምንት ይቆጠራል፤ የሃያ ዓመት ትርፍራፊ ግን በሙሉ የሚቀመጠው በዚያው አንድ ጉድጓድ ዙሪያ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት በሰፊው ያየችው አገር የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መኪና ሲበዛ በየመንገዱ ዳር ማደያ ተከፈተ፤ የዝገት መከላከያ የሌላቸው የብረት ታንከሮችም በብዛት ተቀበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ታንከሮቹ በአንድ ዘመን እንደ ተቀበሩ ሁሉ በአንድ ዘመን መበሳት ጀመሩ። በ1984 የአገሪቱ ምክር ቤት በተቀበሩ ታንከሮች ላይ ሕግ አወጣ፤ በ1985 መከላከያ የሌለው ብረት መቅበር ታገደ፤ በ1988 ዝርዝር ደንብ ወጣ። በዚሁ ደንብ መሠረት ነባር ታንከሮች እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 ድረስ እንዲሻሻሉ ወይም እንዲዘጉ ግዴታ ተጣለ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዚያ አገር የተረጋገጠው የፍሳሽ ቁጥር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። አብዛኛው ጸድቷል፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠረው ግን ገና ተራውን የሚጠብቅ ነው።

የአንድ ጠብታ ሒሳብ

ፍሳሽ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው እንደ ምንጭ የሚፈልቅ ነገር ነው። እውነቱን ለመረዳት ግን ትንሹን ማስላት ይበልጥ ይጠቅማል። ከአንድ የላላ መጋጠሚያ በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ትወርዳለች እንበል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ተብሎ ቢታሰብ በቀን የሚወርደው 86,400 ጠብታ 4.3 ሊትር ያህል ነው። በወር 130 ሊትር፣ በዓመት ወደ 1,600 ሊትር ይደርሳል።

ይህን ያህል ነዳጅ ሲጠፋ የማደያው መዝገብ አይናገርምን? እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በወር 100,000 ሊትር የሚሸጥ ማደያ አለ እንበል። በአሜሪካው ደንብ መሠረት በመለኪያ ዘንግና በመዝገብ የሚደረግ ቁጥጥር የሚፈቅደው የወር ልዩነት ካለፈው ነዳጅ 1 ከመቶ ሲደመር 130 ጋሎን፣ ማለትም 492 ሊትር ያህል ነው። ለዚህ ማደያ ይህ ሲደመር ወደ 1,492 ሊትር ይመጣል። ከላይ የተባለው ጠብታ በወር የሚወስደው 130 ሊትር ደግሞ የዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። የታንከር ጥብቀት ፈተና እንዲይዝ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ፍሳሽም በሰዓት 0.1 ጋሎን፣ ወይም 0.38 ሊትር ነው፤ ጠብታው ግን በሰዓት 0.18 ሊትር ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ማደያ መዝገቡ የተስተካከለ፣ ፈተናውንም ያለፈ ሆኖ ሳለ በየዓመቱ ስምንት በርሜል ያህል ነዳጅ ወደ አፈር ሊያወርድ ይችላል ማለት ነው።

ይህ ሲባል መዝገብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የዕለት ልዩነት ከብዙ ምክንያት ይመጣል። 10,000 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ መጠኑ በ10 ሊትር ያህል ይለወጣል፤ ዘንግ ሲነበብ ዓይን ይሳሳታል፤ መቅጃውም ጥቂት ይዛባል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ ቀን ወደ ትርፍ፣ አንድ ቀን ወደ ጉድለት ሲወዛወዝ ይኖራል። ፍሳሽ ግን ምን ጊዜም ወደ አንድ ወገን ነው። ስለዚህ መርማሪው የአንዱን ወር ልዩነት ለብቻው ከመመልከት ይልቅ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልዩነቶችን ደምሮ በአንድ መስመር ቢያወርዳቸው፣ በየወሩ «በተፈቀደው ውስጥ» ተብሎ የታለፈው ጉድለት ቁልቁል የሚወርድ መንገድ ሆኖ ይታየዋል። ይህን ለማየት መሰርሰሪያ አያስፈልግም፤ ካሬ ወረቀት ይበቃል።

ነዳጁ ከመሬት በታች ምን ይሆናል?

ከታንከር የወጣ ነዳጅ በአራት መልክ ይከፈላል። የመጀመሪያው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ተጣብቆ የሚቀረው ነው። ፍሳሹ ትንሽ፣ ውሃውም ጥልቅ ከሆነ ነዳጁ በሙሉ በዚህ መልክ ሊያዝ ይችላል፤ ይሁንና በየክረምቱ ዝናብ ሲሰርግበት እየታጠበ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ሁለተኛው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ደርሶ፣ ከውሃ የቀለለ ስለ ሆነ፣ በላዩ የሚንሳፈፈው ነው። ሦስተኛው በውሃው ውስጥ የሚሟሟው ሲሆን፣ ከውሃው ጋር አብሮ የሚጓዘውና ጉድጓድ የሚደርሰው ይህኛው ነው። አራተኛው ተን ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ በምድር ቤት፣ በፍሳሽ ማስወገጃ ጉድጓድና በስልክ መስመር ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ አንዲት የክብሪት እሳትም ይበቃዋል።

በዚህ ስፍራ በቋንቋችን ውስጥ ያለ አንድ ግርታ መጥራት አለበት። ለመኪና የሚቀዳው «ቤንዚን» ብዙ ቅመሞች የተቀላቀሉበት ነዳጅ ነው። «ቤንዜን» የሚባለው ደግሞ በዚያ ቅልቅል ውስጥ የሚገኝ አንድ ራሱን የቻለ ኬሚካል ነው። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ቢመስልም በምርመራ ሥራ ውስጥ የሁለቱ ቦታ የተለያየ ነው። ቤንዜን የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ሲሆን፣ የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም፣ አሜሪካ ያወጣችው ደግሞ 5 ማይክሮግራም ነው።

ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ ያሳያል። ከመቶ አንድ እጅ ቤንዜን ባለበት አንድ ሊትር ቤንዚን ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 8.8 ግራም ያህል ቤንዜን አለ። ይህ በሙሉ በውሃ ውስጥ ቢሟሟ 880,000 ሊትር ውሃ እስከ 10 ማይክሮግራም ወሰን ድረስ ያደርሰዋል። እርግጥ ነው፣ በተፈጥሮ አንዱ ክፍል ይተንናል፤ ሌላውን ባክቴሪያ ይበላዋል፤ ሌላውም በአፈር ተይዞ ይቀራል። ቢሆንም ሒሳቡ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ይኸውም በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ሊትር እንደ ትንሽ የማይቆጠር መሆኑን ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበው ደግሞ ቤንዜን በውሃ ውስጥ መኖሩ በአፍንጫ ወይም በምላስ ከመታወቁ በፊት መጠኑ ከተፈቀደው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ መቻሉ ነው። «ውሃው ነዳጅ ነዳጅ አይሸትም» የሚለው ምስክርነት ስለዚህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ለጀማሪ መሐንዲስ ትልቁ ፈተና መሰርሰሪያውን ቶሎ የማቆም ፍላጎት ነው። ባለ ንብረቱም «ቆፍረህ አሳየኝ» ይላል። የሠለጠነ መርማሪ ግን አስቀድሞ ወደ መዝገብ ቤትና ወደ ሰዎች ይሄዳል። ማደያው መቼ ተሠራ? ታንከሮቹ ስንት ጊዜ ተለወጡ? የድሮዎቹ ወጥተዋል ወይስ ከነዝቃጫቸው ተቀብረው ቀርተዋል? በግቢው ጋራዥ ነበረን? የተቃጠለ ዘይትስ የት ይደፋ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ በትክክል የሚመልሰው ሥራ አስኪያጁ አይደለም፤ በዚያ ግቢ ሃያ ዓመት የቀዳው ቀጂ ወይም የሌሊቱ ዘበኛ ነው። «ያ ጥግ ላይ በክረምት ውሃ ሲቆም ቀስተ ደመና ይመስላል» የምትል አንዲት ቃል አምስት ጉድጓድ ከመሰርሰር ልትበልጥ ትችላለች።

ሁለተኛው እርምጃ ውሃውን የሚጠጣው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። መርማሪው በማደያው ዙሪያ በእግሩ እየዞረ ምንጩን፣ የእጅ ጉድጓዱን፣ የሆቴሉንና የፋብሪካውን ጥልቅ ጉድጓድ፣ የአትክልት ማጠጫውን ጭምር በካርታ ላይ ያሰፍራል። ይህ ሥራ ከአፈር ናሙና በፊት ይሠራል የሚባልበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከማደያው ቁልቁል በቅርብ ርቀት ሰዎች የሚጠጡት ጉድጓድ ካለ፣ የመጀመሪያው ናሙና መወሰድ ያለበት ከዚያ ነው። ስለ ማደያው ያለው ዕውቀት ቢዘገይ የሚጎዳው ሥራው ነው፤ ስለ ጉድጓዱ ያለው ዕውቀት ቢዘገይ ግን የሚጎዳው ሰው ነው።

ሦስተኛው እርምጃ የአፈር ምርመራ ነው። የመሰርሰሪያው ቦታ የሚመረጠው ፍሳሽ በሚጠረጠርበት ነጥብ፣ ማለትም በታንከሩ ዳርና ሥር፣ በቧንቧው መስመር፣ በመቅጃዎቹ ሥርና በመሙያው አፍ አጠገብ ነው። የተቀበረ ኤሌክትሪክና የውሃ መስመር አስቀድሞ ይታወቃል፤ እሳትና ሲጋራ ከአካባቢው ይርቃል። አፈሩ ሲወጣ ቀለሙና ሽታው ይመዘገባል፤ በእጅ በሚያዝ የጋዝ መለኪያም ተኑ ይለካል። ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ናሙናው ነው። ቤንዜን የሚሸሽ ነገር ነው። በላስቲክ ከረጢት ታስሮ በመኪና ኮፈን ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አፈር ላቦራቶሪ ሲደርስ «ንጹሕ» ሆኖ ይገኛል። ንጹሕ የሆነው ግን ናሙናው እንጂ መሬቱ አይደለም። ስለዚህ ናሙናው በተወሰደበት ደቂቃ በጠርሙስ ይታሸጋል፤ በበረዶ ሣጥን ይቀመጣል፤ ማን ወሰደው፣ ማን ተረከበው የሚለው በጽሑፍ ይያዛል።

አራተኛው የውሃ ምርመራ ነው። ውሃ ከመሬት በታች ወደ የት እንደሚሄድ ለማወቅ በቀጥታ መስመር ያልተሰለፉ ቢያንስ ሦስት መመልከቻ ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ በሦስቱ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ሲነጻጸር የውሃው ዝንባሌ ይታወቃል። የጉድጓዱ ወንፊት የውሃውን ገጽ ከላይም ከታችም አቅፎ መያዝ አለበት፤ ወንፊቱ ከውሃው ገጽ በታች ብቻ ከሆነ ተንሳፋፊው ነዳጅ ከውጭ ቆሞ ይቀራል፤ መርማሪውም ንጹሕ ውሃ ቀድቶ ይመለሳል። ናሙናው በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ አንዲት የአየር ዐረፋ እንኳ ሳትቀር ተሞልቶ ይታሸጋል። ከእርሱም ጋር ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አብሮ ተጉዞ ይመረመራል፤ ይኸውም ብክለቱ ከመሬቱ ይሁን ከመኪናው ጭስ መጣ የሚለው ጥርጥር እንዲወገድ ነው።

አምስተኛው እርምጃ ጊዜ ነው። በግንቦት የውሃው ገጽ ዝቅ ባለበት ወቅት በጉድጓዱ ውስጥ የእጅ መዳፍ ስፋት ያህል ተንሳፋፊ ነዳጅ ያሳየ ስፍራ፣ በመስከረም ውሃው ሲነሣ ምንም ላያሳይ ይችላል። ነዳጁ አልጠፋም፤ የተነሣው ውሃ አፈሩ ውስጥ አፍኖ ይዞታል። በመስከረም ብቻ የተደረገ ምርመራ ስለዚህ ባለ ንብረቱን ደስ ሊያሰኝ ይችላል እንጂ እውነቱን አያሳይም። ከክረምቱ በፊትና በኋላ ያልተለካ ጉድጓድ ገና ግማሹን ብቻ ተናግሯል።

ከሌላ አገር የመጣ ልክ

በ1995 በካሊፎርኒያ የሎረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ ብዙ የማደያ ፍሳሾችን መርምሮ፣ የቤንዜን ብክለት በአብዛኛው ከምንጩ ከ80 ሜትር ያህል እንደማይርቅ፣ ባክቴሪያም ብዙውን እንደሚበላው ገለጠ። ይህ ጥናት ብዙ ከንቱ ወጪ አስቀርቷል። ሆኖም በዚያው ካሊፎርኒያ የሳንታ ሞኒካ ከተማ ከቤንዚን ጋር በሚደባለቅ ኤምቲቢኢ በተባለ ቅመም ምክንያት በ1996 ዋና ዋና ጉድጓዶችዋን ዘግታ የውሃዋን ግማሽ ያህል አጣች። ይህ ቅመም በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ በአፈር አይያዝም፤ ባክቴሪያም በቀላሉ አይበላውም። ቤንዜን ከቆመበት ስፍራ አልፎ የሄደው ስለዚህ ነው። እንግዲህ የ80 ሜትሩ ልክ የሚሠራው ለአንድ ዓይነት ነዳጅና ለአንድ ዓይነት መሬት እንጂ ለሁሉ አይደለም።

ነዳጁ ሲለወጥ ልኩ እንደሚለወጥ ሳንታ ሞኒካ አሳየች። መሬቱ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ የሐዋይ ደሴቶች አሳይተዋል። በኦዋሁ ደሴት ሬድ ሂል በተባለ ተራራ ውስጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እያንዳንዳቸው 47 ሚሊዮን ሊትር ያህል የሚይዙ 20 ታንከሮች በእሳተ ገሞራ ዓለት ውስጥ ሠራ። የታንከሮቹ ሥር ሰው ከሚጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ በላይ በ30 ሜትር ያህል ላይ ነበር። የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነዳጅን እንደ አሸዋ ወይም እንደ ሸክላ አፈር አያጣራም፤ በስንጥቁ ያሳልፈዋል። በጥር 2014 ከአንዱ ታንከር 27,000 ጋሎን፣ ማለትም ከ100,000 ሊትር በላይ ነዳጅ ፈሰሰ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ግን የ2021 ታሪክ ነው። በግንቦት 6 ቀን ነዳጅ ሲተላለፍ ቧንቧ ተሰበረ። መጀመሪያ የተነገረው የፈሰሰው 1,618 ጋሎን ብቻ መሆኑንና አብዛኛውም መሰብሰቡን ነው። ነገር ግን ከታንከሩ የጎደለው ወደ 20,000 ጋሎን ይጠጋ ነበር። ልዩነቱ ተከታትሎ ሳይመረመር ታለፈ። ያ ነዳጅ በእሳት ማጥፊያ ሥርዓቱ ፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ከስድስት ወር በላይ ተኝቶ ቆየ። በኅዳር 20 ቀን ያ ቧንቧ በአንድ ጋሪ ተመትቶ ሲሰበር ነዳጁ በዋሻው ውስጥ ፈሰሰ፤ ከዚያም ወደ መጠጥ ውሃው ጉድጓድ ደረሰ። ነዋሪዎች በቤታቸው ቧንቧ የነዳጅ ሽታ ሲሸታቸው መጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ ውሃው ለጤና የማይስማማ መሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም የሚል ነበር። በዚያ መስመር ውሃ የሚጠቀሙት 93,000 ያህል ሰዎች ነበሩ። በመጋቢት 2022 ሥፍራው እንዲዘጋ ታዘዘ።

በዚያ ሥፍራ መሐንዲስ አልጠፋም፤ መሣሪያም አልጠፋም። የጠፋው «የጎደለው ነዳጅ የት ሄደ?» የሚለውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው የሚከታተል ሰው ነው። በግንቦት ወር በወረቀት ላይ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ የኅዳሩ መከራ ባልደረሰ ነበር።

የእኛ መሬት፣ የእኛ ውሃ

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዪቱ በ1886 ስትቆረቆር ሰውን ወደ ሜዳው ያወረደው ከመሬት የሚፈልቀው ፍል ውሃ እንደ ነበረ ይታወቃል። ዛሬም ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች በተጨማሪ የነዋሪው የመጠጥ ውሃ ከፍተኛ ክፍል የሚወጣው ከጉድጓድ ነው፤ ከዋነኞቹም አንዱ በስተ ደቡብ ያለው የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ነው። ያ ውሃ የሚገኘው በተሰነጣጠቀ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዓለትና በቀዳዳማ ቀይ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ አጠቃላይ ጉዞውም ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብ፣ ማለትም ከከተማው ሥር ወደ ጉድጓዶቹ ነው። በአንዳንድ ስፍራ ወፍራም የሸክላ አፈር ሽፋን ዓለቱን ይጠብቀዋል፤ በሌላ ስፍራ ግን ዓለቱ ለገጸ ምድሩ ቅርብ ነው። ስለዚህ ለአሸዋማ መሬት የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ ሦስት ጉድጓድ ሰርስሮ «ብክለት አልተገኘም» ማለት በዚህ ከተማ አያዋጣም። በአንድ ስንጥቅ የሚያልፈው ነዳጅ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብሎ ለተሰረሰረው ጉድጓድ አይታይም። የዚህ መሬት መርማሪ ከቁፋሮው በፊት የዓለቱን የስንጥቅ አቅጣጫ ማጥናት፣ በሪፖርቱም ላይ «አልተገኘም» በሚለውና «የለም» በሚለው መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ መጻፍ አለበት።

የነዳጁም ጠባይ መታወቅ አለበት። ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ከስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር፣ መጀመሪያ 5 ከመቶ፣ ቆየት ብሎም 10 ከመቶ ሲደባለቅ ነበር። ኤታኖል በአፈር ውስጥ ለባክቴሪያ የቀለለ ምግብ ነው። ባክቴሪያዎቹ እርሱን አስቀድመው ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ቤንዜኑም የሚበላው አጥቶ የበለጠ ይርቃል። የድሮ ፍሳሽ የሚመረምር ሰው ስለዚህ «ምን ፈሰሰ?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው ዘመን ፈሰሰ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሌላም አዲስ ነገር አለ። በ2024 መጀመሪያ ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛ ከማደያዎቹ አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ መዘጋታቸው አይቀርም፤ ቦታቸውም ለሕንፃ ይፈለጋል። መቅጃው ይነቀላል፤ ጣራው ይፈርሳል፤ ታንከሩ ግን ካልወጣ በስተቀር ከነዝቃጩ በዚያው ይኖራል። የሚያፈስ ማደያ ቢያንስ የሚጠይቀው ባለቤት አለው፤ የተረሳ ታንከር ግን ባለቤቱን ለማግኘት እንኳ አስቸጋሪ ነው።

ሕግ የለም ብሎ ማመካኘት አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ደንግጓል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚሠራው ማስረጃ ሲኖር ነው፤ ማስረጃ የሚያቀርበው ደግሞ መሐንዲሱና የላቦራቶሪው ባለሙያ ነው።

መደምደሚያ

ከተባለው ሁሉ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገሮች ሊቀርቡ ይገባል። አንደኛ፣ በየከተማው የሚሠሩትም የተዘጉትም ማደያዎች ታንከሮቻቸው መቼ እንደ ተቀበሩ፣ ከምን እንደ ተሠሩና በዙሪያቸው የትኛው ጉድጓድ እንዳለ የሚያሳይ መዝገብ ይዘጋጅ። ይህ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ሌላው ሁሉ የሚቆምበት መሠረት ነው። ሁለተኛ፣ ማደያ ሲዘጋ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ታጥቦ ይውጣ፤ ከሥሩም አፈር ተወስዶ ይመርመር፤ ይህ ሳይሆን በቦታው ላይ ለሚሠራ ሕንፃ መሐንዲስ ፊርማውን አያኑር። ሦስተኛ፣ መርማሪ ብክለት ባገኘ ጊዜ የሚከፍለው ባለ ንብረቱ ቢሆንም ውጤቱ ከጉድጓዱ ለሚጠጡት ሰዎችና ለሚመለከተው የመንግሥት ክፍል ሳይዘገይ የሚደርስበት መንገድ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በውሉ ላይ ይጻፍ። ሙያው የሚከበረው በመሣሪያው ዘመናዊነት ብቻ አይደለም፤ ባለ ንብረቱ ሊሰማው የማይፈልገውን ቁጥር ሳይለውጥ በማቅረቡም ጭምር ነው።

የተቀበረ ነገር ይረሳል። ከርሰ ምድር ግን የሰጡትን ሁሉ ይዞ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስም በሌላ ሰው እንስራ ውስጥ ይመልሰዋል። ያንን ቀን የሚያስቀረው ዛሬ በአንድ ማደያ ቢሮ ውስጥ መዝገብ ገልጦ ጉድለቱን እየደመረ፣ ነዳጁ የት እንደ ሄደ እስኪያውቅ ድረስ መዝገቡን የማይዘጋ ሰው ነው።